የረሳኋት ጳጉሜን ስድስት

ደብረ ብርሃን አየር ጠባይ ጣቢያ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሼ ወልዴ የዝናብ መለኪያውን፣ ቴርሞሜትሮቹንና የመስታወቷን ኳስ አሳዩኝ። ኳሷ ብርሃን ሰብስባ ከሥሯ ያለውን ካርቶን ታቃጥላለች፤ በቃጠሎው ርዝመት በቀን ስንት ሰዓት ፀሐይ እንደነበረ እናውቃለን። "ያላየሽውን አትጻፊ፣ ያየሽውን አትተዪ" አሉኝ።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። እኔ ፊዚክስ የተማርኩት ፀሐይንና ከዋክብትን ላጠና ነበር፤ የተመደብኩት ዝናብ ለመለካት። በአገራችን ይህን ሙያ የያዘች አንዲት ሴት አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ ልሁን ብዬ ተነሣሁ።

አባቴ አንኮበር መሪጌታ ነበሩ፤ ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን በጣታቸው አንጓ ሲቆጥሩ እያየሁ ነው ያደግኩት።

ከጣቢያው ዕቃ ቤት አቧራ የበላው ትንሽ ቴሌስኮፕ አገኘሁ። የስድስት ሰዓቱን ምዝገባ ስጨርስ የፀሐይዋን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ እጥልና ጥቁር ነጠብጣቦቿን በእርሳስ እሥላለሁ። ፀሐይ በራሷ ዛቢያ ላይ ስለምትዞር ነጠብጣቦቹ በየቀኑ ቦታ ይለውጣሉ። ነፋሱ ወረቀቱን እንዳይነጥቀኝ ድንጋይ እጭንበታለሁ። ጋሼ ወልዴ "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ፈንጣጣዋ ሻረላት?" እያሉ ይቀልዱብኛል። አራት ዓመት እንዲህ ሣልኩ።

በኋላ ከአንድ የውጭ አገር የፀሐይ ምርምር ተቋም የትምህርት ዕድል መጣ። ሥዕሎቼን እንድልክ ተጠየቅኩ፤ የመሥሪያ ቤታችን የደርግ ካድሬ የድጋፍ ደብዳቤም ያስፈልግ ነበር።

"ጓዲት፣ የፀሐይ ነጠብጣብ መቁጠር ለሰፊው ሕዝብ ምን ይፈይዳል?" አለኝ።

"ፀሐይ የማትወጣለት ሕዝብ አለ እንዴ?" አልኩት። አይ አፌ! ደብዳቤውን ሦስት ሳምንት አቆየብኝ። ሲሰጠኝ ማመልከቻው ሊዘጋ የቀረኝ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ሥዕሎቹ ላይ ያለው ቀን የእኛ ነው። መስከረም አንድን ሴፕቴምበር አሥራ አንድ እያልኩ፣ ሁሉንም ከራሴ የቀን መቀየሪያ ሰንጠረዥ እየገለበጥኩ ወደ ፈረንጅ ቀየርኩና ላክሁ።

ከወራት በኋላ ከተቋሙ መልስ መጣ። የአንደኛው ዓመት ሥዕሎች፣ ከመስከረም እስከ የካቲት፣ እነሱ በየቀኑ ካነሡት ፎቶ ጋር አይገጥሙም፤ ሳይታይ የተሣለ ይመስላል፤ አልተቀበልንም ይላል።

ደብዳቤውን ይዤ አንኮበር ወረድኩ። አባቴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና "ዘመኑ ማን ነበር?" አሉ።

"ዮሐንስ።"

የጣታቸውን አንጓ ቆጠሩ። ከዚያ "ልጄ፣ ከዮሐንስ በፊት ጳጉሜን ስድስት ትሆን የለም ወይ?" አሉኝ።

ያን ዓመት መስከረም አንድ የዋለው ሴፕቴምበር አሥራ ሁለት ነው። ፈረንጆቹም የካቲት ላይ አንድ ቀን እስኪጨምሩ ድረስ፣ ስድስት ወር ያህል አንድ ቀን ስቻለሁ። ይህን የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል! የደብረ ብርሃን ጸሐፊ ሁሉ "የመሪጌታ ልጅ፣ የልደት ቀን ወደ ፈረንጅ ቀይሪልኝ" እያለ ይመጣብኝ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

አርሜ ልላክ ብዬ ካድሬው ዘንድ ሄድኩ። "አንዴ አሳፍረሽናል፤ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል" አለኝ።

ቴሌስኮፑን ዕቃ ቤት መለስኩት። ጡረታ እስክወጣ ዝናብ ለካሁ። ያየሁትን ሥዬ ውሸታም ተባልኩ፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እናንተ መዝጋቢዎች፣ ቀን ከመቀየራችሁ በፊት ዘመኑ ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስትቸኩሉ ደግሞ ሥራችሁን ለሌላ ሰው አሳዩ። አባቴ የሚርቁት የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነበር፤ አልጠየቅኳቸውም።