ፈንጂ ያልነካው እግር

ባለቤቴ ከሰሜን ጦር ግንባር የተመለሰው የግራ እግሩን አምስት ጣት፣ ከቀኙም ሁለቱን እዚያው ተራራ ላይ ትቶ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቤታችን ከጂንካ ከፍ ብሎ፣ በአሪ አገር፣ እንሰትና ቡና በሚበቅልበት ዳገት ላይ ነበር። ጎረቤት «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ሊል ሲመጣ ዓይኑ ሄዶ እግሩ ላይ ያርፋል።

«ምን አገኘህ?»

«ፈንጂ።»

ከዚያ በላይ አይናገርም። እኔንም ሲጠይቁኝ «ፈንጂ ነው» እላለሁ። ሰዎቹ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ወንበር ይለቁለታል፣ በስብሰባም ፊት ያስቀምጡታል። እሱ ግን ካልሲውን ሰው ፊት አያወልቅም። ወንዝ ወርዶ ከወንዶች ጋር መታጠቡን ትቷል። እኔም ራሴ ያን እግር በደንብ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሲታጠብ ጀርባውን ይሰጠኛል። የጦር ሜዳ ነገር ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል ብዬ ተውኩት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሰው ያልሰጠኝን ጎትቼ አልወስድም።

ከተመለሰ በሁለተኛው ዓመት አንድ ወሬ መጣ። ቁስሉ የዳነ ወታደር ሁሉ ወደ ክፍሉ ይመለሳል ተባለ። የሚቀረው ቦርድ ፊት ቀርቦ በግዳጅ ላይ መጎዳቱ የታወቀለት ብቻ ነው። ቦርድ የሚሏቸው ሐኪምና መኮንን ሆነው ከአርባ ምንጭ እየመጡ ጉዳተኛ የሚያዩትን ሰዎች ነው። ባለቤቴ ከሆስፒታል ይዞት የመጣው ወረቀት ታክሞ እንደዳነ ይናገራል እንጂ በግዳጅ ላይ መጎዳቱን አይናገርም። እንግዲህ በዚያ ወረቀት ከሄድን ተመልሶ ዘማች ነው። ስለዚህ አቤት አለ። ሦስት የቀበሌያችን ሽማግሌዎችም «በፈንጂ መጎዳቱን እናውቃለን» ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙለት።

ቦርዱ ጂንካ በመጣ ጊዜ አብሬው ወረድኩ። እሱ ገባ፤ እኔ ውጭ ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ ወጣ።

«ምን አሉህ?»

«ሌላ ጊዜ ና አሉኝ።»

ፊቱ አመድ መስሏል። ወረቀቶቹን እንዳይጥላቸው ከእጁ ወሰድኩና «ሂድ፣ ጨው ገዝተህ ና» ብዬ ላክሁት። እኔ የአውሮፕላኑ ሜዳ ዳር ተቀመጥኩ። ሜዳው ያኔም ከተማው መሃል ነበር፤ አውሮፕላን በማይመጣበት ቀን ላሞች ይግጡበታል፣ ሰውም ያቋርጠዋል።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያወቅሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከእርሻ መልስ ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ ልጅ በጀርባችን አዝለን። ሌሎቹ ሲረሱት እኔ ያዝኩት። የጨው ከረጢት ላይ ይሁን የመኪና በር ላይ፣ ያገኘሁትን አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፤ ሽንብራ እንደሚለቅም ሰው አንድ አንድ እያልኩ።

የቀበሌው ወረቀት ላይ «ፈንጂ» የሚለውን ቶሎ አገኘሁት። የሆስፒታሉ ወረቀት ላይም ፈለግሁት፤ የለም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። «በከባድ ብርድ ምክንያት» ይላል። ጣቴን እዚያው አኑሬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሥሩ የቦርዱ ጽሑፍ አለ፦ ሁለቱ ማስረጃዎች አይስማሙም፤ በቦታው አብሮት የነበረ ምስክርና የፈረሙትን ሽማግሌዎች ይዞ በሚቀጥለው ወር ይቅረብ።

ባለቤቴ ጨውን ይዞ መጣ።

«ብርድ ነው እንዴ?» አልኩት።

ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ።

«አነበብሽው?»

«አነበብኩት።»

«ያ መሠረተ ትምህርት» አለ፣ «እኔን ሊያጋልጥ ነው ለካ የመጣው።»

ሳቄ መጣ። እሱም ትንሽ ፈገግ አለና ያን ጊዜ ነገረኝ። ተራራ ላይ ነበሩ፤ ጫማቸው እርጥብ፣ እሳት ማንደድ ክልክል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጣቶቹ እንጨት ሆኑ፤ ቆይተው ጠቆሩ። እኛም ዳገት ላይ ስለምንኖር ብርድ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። እኛ ግን እሳት አለን።

«ታዲያ ለምን ፈንጂ አልክ?»

«ምን ልበል? እዚህ አገር ሆዱን የቆረጠው ሁሉ ብርድ መታኝ ይላል። ጦር ሜዳ ሄዶ ብርድ መታኝ ብሎ የሚመለስ ሰው አለ? ልጆች ይስቁብኛል። አንዴ ፈንጂ አልኩ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ፈረሙ። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልመለስ?»

አልተቆጣሁትም። እንዲያውም ቀለል አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባውን የሚሰጠኝ ለምን እንደሆነ አሁን አወቅሁ።

ተራራው ላይ አብሮት የነበረው አንድ የቆላ ሰው፣ የቤና ተወላጅ ነው። ከተራራው አዝሎ ያወረደው እሱ ነው፤ የዚያም ሰው የቀኝ እግር ጣቶች አብረው ሄደዋል። ባለቤቴ የሚያውቀው ስሙንና አገሩ በቀይ አፈር ከተማ በኩል መሆኑን ብቻ ነው። እሱ በዚያ እግሩ ያን ያህል መንገድ አይችልም። እኔ ደግሞ መንገድ አይከብደኝም። ያኔ የቡና ገለባ ተሸክሜ ቀይ አፈር ገበያ እወርድ ነበር፤ የቆላ ሰዎች ገለባውን አፍልተው ይጠጡታል። ለገበያው ብቻ አልነበረም፤ መሄድ ራሱ ደስ ይለኛል። አማቴ «የዚህች ልጅ እግር ቤት አያውቅም» ትለኝ ነበር፣ ነፍሷን ይማርና። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ለአንድ ዳገት ባጃጅ ይጠራሉ። ያኔ አንድ ቀን ተኩል እሄድ ነበር፤ የማደርበትን ቤት አውቃለሁ፣ የመንገዱን ዛፎች አውቃለሁ።

ገበያው ደርሼ ገለባዬን ዘረጋሁና በስሙ እየጠራሁ ጠየቅሁ። አንድም ሰው አላወቀውም። ለካ ያ ስም ጦሩ ውስጥ የወጣለት ነው። መዝጋቢው የአገሩን ስም መጻፍ ቢያቅተው አንድ የአማርኛ ስም ሰጥቶታል። የአገሩን ስም ደግሞ ባለቤቴ አያውቅም።

ደክሞኝ ተቀመጥኩ። አንድ ሽማግሌ በሬ ጠፍቶበት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ በገበያተኛው መሃል ያልፋል። የቆላ ሰው እንዲህ ነው፤ የማን ላም በየት እንዳለፈች ኮቴዋ ይነግረዋል፤ የሰውንም ዱካ እንደ ፊት ያውቀዋል። ያን ጊዜ መጣልኝ። አቧራውን በመዳፌ ደልድዬ አንድ እግር ሳልኩ፤ አጭር፣ ሰፊ፣ ጣት የሌለው የቀኝ እግር።

አጠገቤ ማር የምትሸጥ ሴትዮ ነበረች። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ተሳስተሻል» አለችኝ። በጣቷ ተረከዙን ጠለቅ አደረገችውና ከጎኑ የዱላ ነጥብ ጨመረች። «አሁን እሱን መሰለ።»

«ታውቂዋለሽ?»

«ነፋስ የበላው ነው እኮ። ነገ ከብት ያጠጣል። ከእኔ ጋር እደሪ።»

በማግስቱ ውኃው ዳር አገኘሁት። የወታደር ጃኬት በባዶ ደረቱ ላይ ደርቧል፤ የጎማ ጫማውን የፊት ጫፍ ለእግሩ ልክ ቆርጦ አሳጥሮታል። የማን ሚስት እንደሆንኩ ነገርኩት።

«ያ የአሪ ሰው? አለ?»

«አለ። ግን ፈንጂ ቆረጠኝ ብሎ አውርቷል።»

ሰውዬው ድንጋይ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። «እኔ እውነት ተናገርኩ፣ ብርድ ነው አልኩ። ይኸው ነፋስ የበላው አሉኝ። እሱ ዋሸ፣ ጀግና ሆነ።»

«ጀግንነቱ ወደ ጦር ሜዳ ሊመልሰው ነው» አልኩት፤ ነገሩን አስረዳሁት። «ትመሰክርለታለህ?»

«ከተማ አልወድም። እዚያው ቢያስቀሩኝስ?»

«ቦርድ ካላየህ አንተንም አንድ ቀን ይጠሩሃል። ወረቀትህ የት አለ?»

«ምስጥ በላው።»

«እግርህን ይዘህ ና። እሱን ምስጥ አልበላውም።»

ላሞቹን አየ። «ለወንድሜ ሰጥቼ እመጣለሁ» አለ። ለቀጠሮው ስንት ቀን እንደቀረ ለማስታወስ ቆዳ ገመድ ላይ ቋጠሮ ቋጠረ፤ በየቀኑ አንድ ይፈታል።

በቀጠሮው ቀን ቦርዱ የተቀመጠው ለአውሮፕላኑ ሜዳ ቅርብ በሆነ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ለፈንጂው ሊመሰክሩ መጥተዋል፤ ባለቤቴ እስከዚያ ቀን አልነገራቸውም። ምስክሩ የለም። ረፋድ ሆነ፤ የለም። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል። እኔ በልቤ ጸለይኩ፤ ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም፣ ሜዳውን እያየሁ ነው የጸለይኩት። ከላሞቹ መሃል አንድ ሰው ብቅ አለ። ሩቅ ነው፣ ፊቱ አይታይም። ተረከዙን አጥብቆ ይረግጣል፣ በቀኙ ዱላ ይተክላል። ሴትዮዋ አቧራው ላይ እንዳረመችልኝ ነው።

«መጣ» አልኩ። ባለቤቴ ተነስቶ ሄደ፤ እንዲያ ፈጥኖ ሲሄድ ከዚያ በፊት አላየሁትም። ተቃቀፉና ብዙ ቆሙ።

ስንጠራ እኔም ተከትዬ ገባሁ፤ ማንም አልከለከለኝም። መኮንኑ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠ።

«ፈንጂ ነው ብርድ?»

ሽማግሌዎቹ ከኋላ አግዳሚው ላይ ናቸው። ባለቤቴ ላቡን ጠረገ።

«ብርድ ነው።»

«እኛ የፈረምነውስ?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እኔ ነኝ የዋሸኋችሁ። አባቶቼ፣ ይቅር በሉኝ። አፈርኩና ነው።»

መኮንኑ ሊናገር ሲል የቤናው ሰው ቀደመው። «አንተ አለቃ፣ እሱን ተው። እኔን ጠይቅ።» ጸሐፊው ደነገጠ። ሰውዬው አማርኛን የተማረው ጦር ሜዳ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጥበትን እንጂ «እርስዎ» የሚባልበትን ያስተማረው የለም።

«እሺ፣ አንተ ተናገር።»

«ሦስት ቀን ምሽግ ውስጥ። ጫማ እርጥብ። እሳት የለም። እሱ እግሩን እኔ ሆድ ላይ አደረገ፣ እኔ እግሬን እሱ ሆድ ላይ አደረግሁ። ሁለት ሆድ፣ አራት እግር። አልበቃም።»

«እሳት ለምን አላነደዳችሁም?»

«ትእዛዝ። ጠላት ያያል።»

«ቦታችሁን ጥላችሁ ወረዳችሁ?»

«ተቀያሪ መጣ፣ ከዚያ ወረድን። እሱ መሄድ አልቻለም፣ አዘልኩት። ታች ስንደርስ እኔም ወደቅሁ።»

ሐኪሙ ሁለቱንም አግዳሚ ላይ አስቀመጣቸውና «ካልሲህን አውልቅ» አለው ባለቤቴን። ባለቤቴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ አየ፤ ከዚያ አወለቀ። ሐኪሙ በመርፌ ጫፍ እየነካካ የቱ ጋ እንደሚሰማቸው ጠየቃቸው።

«ፈንጂ እንዲህ ከጫፍ ጀምሮ አይበላም» አለ። «ይኼ ብርድ ነው። የሁለቱም አንድ ዓይነት ነው።»

መኮንኑ ብዕሩን አነሳ። «ትእዛዝ ጠብቀው ቦታቸው ላይ ከሆኑ በግዳጅ ላይ ነው። ጓድ፣ ሁለተኛ እንዳትዋሽ። እውነቱ ይበቃህ ነበር።»

ወረቀቱን ጸሐፊው ሲሰጠን በር ላይ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው «እህቴ፣ ደብዳቤ ነው መጽሐፍ?» አለኝ። አልቸኮልኩም። «በግዳጅ ላይ ሳለ በደረሰበት የብርድ ጉዳት» ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ወደ ክፍሉ አይመለስም» ይላል። «አይመለስም» የምትለዋን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ሰውዬው በላዬ ተሻግሮ ገባ።

ወንዝ ወረድን፣ ሁላችንም። ትልቁ ሽማግሌ ባለቤቴን አላናገሩትም ነበር። ውኃው ዳር ሲደርሱ ቆሙና «አንተ የእግርህን ጣት ብታጣ፣ የእኛን የእጅ ጣት ለምን አስዋሸኸው?» አሉት። የቤናው ሰው ቀድሞ ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ባለቤቴ ግን አልሳቀም። ካልሲውን አውልቆ እግሩን ውኃው ውስጥ አስገባ። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

«ይኼን ብርድ ነው የሠራው?»

«ብርድ ነው፣ አባባ።»

ተጠግተው ጎንበስ አሉ፤ ውኃ በእጃቸው ቀድተው እግሩ ላይ አፈሰሱለት። ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን ብርድ መታው ብሎ የሚስቅ ሰው አልሰማሁም።

የቤናው ሰው ቦርዱ ለእሱም የጻፈለትን ወረቀት ቅል ውስጥ ከትቶ አፉን በሰም አሸገው፤ ለምስጥ መልስ ነው አለኝ። ለባለቤቴም እንደ ራሱ አጭር የጎማ ጫማ ቆርጦ ላከለት።

ጥሪው መጣ። ከሰፈራችን የተጠሩ ነበሩ፤ ሲሸኙ አብረን ቆምን፣ ደስታችንን ደብቀን። የእሱን ስም ማንም አልጠራም።

ዝናብ ባባራበት ማለዳ ከደጃፋችን ተነስቶ እንሰቱ ድረስ የባለቤቴ አጭር ሰፊ ዱካ ይታየኝ ነበር፤ ካልሲም ጫማም የሌለው። ከቤት የወጣውን አያለሁ፣ ከዚያ የተመለሰውን እፈልጋለሁ። ሳላገኘው የቀረሁበት ማለዳ አልነበረም።