ያጠብኳቸው እንቁላሎች

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን እዘረዝርና እዚህ ላይ ስደርስ "ሌላ የለኝም፣ አባ" ብዬ እነሣለሁ። አለኝ እንጂ። አሰላ መናኸሪያ አጠገብ ባለ አንድ ቁርስ ቤት፣ በአንድ ቃልና በአንድ ዝምታ የአንዲትን ሴት ስም አጥፍቻለሁ።

ያስተማረኝ ሰው የለም ማለት እወድ ነበር። ማብሰልን የተማርኩት ከስልክ ነው፤ እያየሁ፣ እየሞከርኩ፣ እያበላሸሁ። ለፍርፍር እንቁላሉ የሚገባው መጥበሻው ሳይግል ነው። ከእሳት የሚወርደው ደግሞ ገና እርጥብ ሳለ ነው፤ ሳህን ላይ ሆኖም መብሰሉን አይተውምና። የቤቱ ባለቤት እትዬ አስካለ ደንበኛ ፊት "የኔ ልጅ በእጁ ሳይሆን በዓይኑ ነው የሚያበስለው" ትል ነበር። እኔ አቀረቅራለሁ። በልቤ ግን እንዴት ደስ ይለኝ ነበር!

ውሸቴን ነበር። ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ። አዴ ዘይነባ ይባላሉ፤ አዴ በእኛ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የክብር መጠሪያ ነው። ከኢተያ ወዲያ ካለ መንደር፣ የስንዴ ገለባ በተጎዘጎዘ ዘንቢል እንቁላል ያመጡልን ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ያሉ ቁርስ ቤቶች ሁሉ የሚገዙት ከእሳቸው ነው። አንድ ቀን እንቁላላቸውን ሳፋ ውስጥ እየነከርኩ ስፈትን ደረሱብኝ። ይቆጡኛል ብዬ ስፈራ ሳቁ።

"ያ ኢልማ፣ እንቁላሌን ክርስትና ልታነሣልኝ ነው እንዴ?"

ኢልማ ልጅ ማለት ነው። አጠገቤ ቁጢጥ አሉና በጎኑ የተኛውን "ይኼ ትኩስ ነው"፣ በጫፉ የቆመውን "ይኼ ሰንብቷል"፣ የተንሳፈፈውን "ይኼን ጣለው፣ የኔም ቢሆን ጣለው" እያሉ ለዩልኝ። ከስልኬ የማውቀው ነበር። ሲነሡ ግን ስልኬ ያልነገረኝን ነገሩኝ።

"የምታበስለውን እጠብ። የምታስቀምጠውን ግን አታጥብ። እንቁላል ልብስ አለው፤ ካጠብከው ይበርደዋል።"

የባልቴት ወሬ ነው አልኩ። ለእኔ ያልታጠበ ነገር ንጹሕ አልነበረም።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። በጾም ክርስቲያኑ እንቁላል ስለማይበላ እንቁላል ይረክሳል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ይወደዳል። እኔ ደግሞ ሌላ የማሰላስለው ነገር ነበረኝ። ትኩስ እንቁላል ተቀቅሎ ሲላጥ ቅርፊቱ እምቢ ይላል፤ ነጩን ይቦጫጭቀዋል። ጥቂት የሰነበተው ግን እንደ ብርጭቆ ለስልሶ ይወጣል። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ እትዬ አስካለ ያላየችው ዓይነት ለስላሳ እንቁላል ላሳያት ፈለግኩ። ስለዚህ በጾሙ፣ ለእትዬ አስካለ ሳልነግር፣ ከአዴ ዘይነባ እየገዛሁ አጠራቀምኩ። እያንዳንዱን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩ፣ አደረቅሁ፣ እንዲቆይ ብዬ ዘይት ቀባሁ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ በካርቶን ደረደርኩ። ካርቶኑን ያስቀመጥኩት የምድጃው ሙቀት ከሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ነው። የጭላሎ ተራራን ብርድ አምኜ! እንዳልቀምስ ጾመኛ ነኝ። አንዱን ሰብሬ ላየው ግን እችል ነበር። ለምን አልሰበርኩም? ትክክል መሆኔን ስለማውቅ!

ሐሙስ ዕለት አዴ ዘይነባ የበዓሉን ትኩስ እንቁላል አመጡ። ቅዳሜ ጠዋት ከሁለቱም ወስጄ ውሃ ውስጥ ከተትኩ። የእሳቸው በጎናቸው ተኙ። የእኔ በጫፋቸው ቆሙ፤ አንዳንዶቹም ወደ ላይ ከፍ ከፍ አሉ። አየሁ። ያየሁትን አውቄዋለሁ። "ዘይቱ ነው" አልኩና የእኔን ቀቀልኩ። ስልጣቸው አንዳንዶቹ ሸተቱ። እነሱን የሽንኩርት ልጣጭ ሥር ቀበርኳቸው። ያልሸተቱትን፣ አልሸተቱም ያልኳቸውን፣ ወጡ ውስጥ ጨመርኩ። እዚያው ቆሜ ሁሉንም መድፋት እችል ነበር። አልደፋሁም። በጣም ለስልሰው ነበራ።

በፋሲካ ጠዋት ጎረቤታችን ጎሚስታው ጋሽ ተፈራ፣ ያዘዘንን ወጥ በሳህን ከድኖ በጓሮ በር መጣ። እኔ እዚያው ጓሮ ባለች ክፍል ነበር የማድረው። ልጁ እንቁላሉን ስትከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ቤቱን አግምቶታል።

"አስካለ፣ ሁዳዴን ሙሉ ጾመን ለዚህ ነው?" አለ።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረች። "የማን እንቁላል ነው?"

ጊዜ ነበረኝ። ማንም አላጣደፈኝም። "እኔ ያጠራቀምኩት ነው" ማለት ብቻ ነበር።

"ሐሙስ አዴ ዘይነባ ያመጡት ነው" አልኩ።

ጋሽ ተፈራ ራሱን ነቀነቀ። "እሷ ምን ገዷት? የሷ በዓል አይደል።" ስንት ዘመን ከእጃቸው የበላ ሰው ይህን አለ። እንዲል ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አዴ ዘይነባ ከበዓሉ በኋላ እንደ ወትሮው ዘንቢላቸውን ይዘው መጡ። ወሬው ቀድሟቸው ነበር። እትዬ አስካለ ደጃፍ ላይ፣ ቁርስ የሚበላው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እርስዎን አምኜ ስሜ ጠፋ። ከእንግዲህ እንዳያመጡብኝ" አለቻቸው። አላለቀሱም፣ አልተሳደቡም። ከጠረጴዛ ላይ ባዶ ሳህን አንሥተው አንድ እንቁላል ሰበሩ። ሌላ ሰበሩ። ሌላም።

"እዩት! አስኳሉ ቆሟል! ወላሂ፣ የሐሙሱም እንደዚሁ ነበር!"

"የዛሬውማ ጥሩ ይሆናል። ሰምተው ነዋ የመጡት" አለች እትዬ አስካለ። አንዱ ደንበኛ ሳቀ።

ያኔ በወጥ ቤቱ መስኮት አሻግረው እኔን አዩ። "ያ ኢልማ፣ አንተ እንቁላሌን ታውቃለህ። ንገራቸው።"

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ዓይኔ ያነባል፤ ለእሳቸው ግን አልነበረም፣ ለሽንኩርቱ ነበር። የሐሙሱ እንቁላል ከጀርባዬ፣ አንዱም ሳይሰበር፣ ከነገለባው ተቀምጧል። እጄን ወደ ኋላ ብዘረጋ እደርስበት ነበር። አልዘረጋሁም። አቀርቅሬ ከተፍኩ። ጠበቁኝ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንሥተው ሄዱ። ደጃፉ ላይ የወደቀውን ገለባ የጠረግኩት እኔ ነኝ። የሐሙሱንም እንቁላል ጠብሼ የሸጥኩት እኔው ነኝ። ሰዎች ጣታቸውን እየላሱ በሉት።

በሳምንቱ በዚያ መንገድ ከእሳቸው የሚገዛ ጠፋ። ምን ፈርቼ ነበር? ከሥራ መባረርን? እትዬ አስካለ አታባርረኝም ነበር። የፈራሁት "ከስልክ የተማረ፣ እንቁላል እንኳ የማያውቅ" እንዳልባል ነው። ለዚህ ነው የሰው እንጀራ የዘጋሁት። ወጣት ነበርኩ ብዬ አላመካኝም፤ እንቁላል በጎኑ መተኛቱንና በጫፉ መቆሙን ለመለየት ዕድሜዬ በቂ ነበር።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ኢተያ ገበያ አገኘኋቸው። ነጭ ሽንኩርት ዘርግተዋል። ሳላውቅ ነው ፊታቸው የቆምኩት። የቤተሰቤን ጤና ጠየቁኝ። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ "እንቁላሉስ?" አልኳቸው፤ ምን ዓይነት ሰው ይህን ይጠይቃል?

"እንቁላል እምነት ይፈልጋል ልጄ። ውስጡ አይታይም" አሉ። ነጭ ሽንኩርቱን እየመዘኑ፣ ቀና ሳይሉ፣ ቀስ ብለው ጠየቁኝ። "አጥበሃቸው ነበር፣ አይደል?"

ያውቁ ነበር። ከመጀመሪያውም አውቀው ነበር ማለት ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ሊያጋልጡኝ ሲችሉ፣ ራሴ እንድናገር ነበር የጠበቁኝ።

"አላጠብኩም" አልኩ።

ከመዘኑት በላይ አንድ እፍኝ ጨምረው ሰጡኝ።

ዛሬ የራሴ ትንሽ ቁርስ ቤት አለኝ። የምታግዘኝን ልጅ መጀመሪያ ያስተማርኳት የሚቀመጥ እንቁላል እንዳይታጠብ ነው። "ማን ነገረህ?" ስትለኝ የአዴ ዘይነባን ስም ነገርኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም። እትዬ አስካለም እስከ ዛሬ የፋሲካውን ታሪክ ስታወራ የእሳቸውን ስም ትጠራለች። ስማቸውን ያጠፋሁት ሰው ፊት ነው፤ በወረቀት ብቻ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ የማነበው ለእትዬ አስካለ ነው፤ እዚያው ደጃፍ፣ ቁርስ ሰዓት፣ ሰው ሳለ። ከዚያ ኢተያ እሄዳለሁ። ይቅር በሉኝ ለማለት አይደለም። እሱ የእሳቸው ፈቃድ ነው፤ ባይሉኝም አይፈረድባቸውም። የምሄደው ለጠየቁኝ ጥያቄ መልስ ስላልሰጠሁ ነው።

አዎ፣ አዴ። አጥቤያቸው ነበር።