ያላበጠው ክንድ

የኔ ክንድ አበጠ፤ የታናሽ እህቴ አላበጠም። ቤታችን ውስጥ ፍርድ የተሰጠው በዚህ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ አሰላ። ያን ዘመን ሁሉ ነገር ጠላት፣ ሁሉ ነገር ዘመቻ ነበር፤ መሃይምነት ጠላት፣ ድርቅ ጠላት፣ ተምች ጠላት። አንድ ጠዋት የጤና ሠራተኞች ትምህርት ቤታችን መጥተው የሳንባ ነቀርሳም ጠላት መሆኑን ነገሩንና ተሰለፍን። ክንዳችን ላይ፣ ከቆዳችን ሥር፣ ለምርመራ ጥቂት ፈሳሽ ወጉን፤ ተመልሰው እስኪያዩት እንዳናከው አስጠንቅቀውን ሄዱ። የኔ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ባቄላ አህሎ ተነሳ። የእህቴ ክንድ እንደነበረ ቀረ። ሲመለሱ የኔን በማስመሪያ ለክተው፣ "ወላጅ ይዘሽ ሆስፒታል ነይ" አሉኝ። እሷን አለፏት።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳችን ላይ መኪናውን ዘርግቶ ለቀበሌ ሹማምንት ካኪ ይሰፋል። ነቀርሳ ያለበት ቤት ልብሱን የሚሰጥ ደንበኛ የለምና ወሬው ከአጥራችን እንዳይወጣ አዘዘ። መኝታዬ ወደ ማድ ቤት ተዛወረ። ኩባያም ለብቻዬ ተለየልኝ፤ ማንም ተሳስቶ እንዳይጠጣበት እናቴ ከአባቴ ክር ላይ ቀይ ቆርጣ እጀታው ላይ አሰረችበት። በሰፈራችን ወጉ እንዲህ ነበር፤ ሳል የገባበት ቤት ኩባያ ይለያል፣ መስኮት ይዘጋል። የጭላሎ ተራራ ብርድ እንዳይገባ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ይጠቀጠቃል፤ በልብስ ሰፊ ቤት ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ አይቸግርም።

የምታስለው ግን እህቴ ነበረች! ቀሚሷን አባቴ ራሱ ደጋግሞ አጥብቦላታል። ጠዋት አንሶላዋ በላብ ርሶ ይገኛል። "ብርድ ነው" ይላል አባቴ። "ክንዷን አላያችሁም እንዴ? ልጅቷ ንጹሕ ናት።" እኔ በንዴት እበግን ነበር።

አባቴ ሆስፒታል ይዞኝ ሄደ። ራጅ ክፍል ውስጥ ስንቀጠቀጥ ያየኝ ባለሙያ፣ "ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ እህቴ" አለኝና ደረቴን አነሳው። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው።

"ሳንባዋ ደህና ነው። አልታመመችም።"

"ታዲያ ክንዷስ?" አለ አባቴ።

"ክንዷማ የሚናገረው ሰውነቷ ጀርሙን እንደሚያውቀው ነው። ከሆነ ሰው ተጋብቶባታል። እቤት የሚያስል አለ?"

"የለም" አለ አባቴ።

"አለ" አልኩ እኔ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። ልጅ ሰው ፊት የአባቷን ቃል እንደማታጥፍ አውቃለሁ። አጠፍኩት። "እህቴ ታስላለች። ክስት ብላለች።"

"የሷ እኮ አላበጠም!" አለ አባቴ።

"እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው" አለ ሐኪሙ። "ዛሬውኑ ያምጧት።"

ያን ቀን የገባኝ ጥቂት ነው። የቀረውን ያወቅሁት ባዮሎጂ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ዛሬም ሰሌዳ ላይ ስስለው ደሜ ይፈላል። የነቀርሳ ጀርም ሳንባ ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኙት ሕዋሳት ይውጡታል፤ መግደል ግን ያቅታቸውና እዚያው ውስጣቸው ይራባል። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ወሬው የሚደርሳቸው ዘግይቶ፣ ሳምንታት ካለፉ በኋላ ነው። ከሰሙ ግን ከደም ወጥተው ሥጋው ውስጥ ይገባሉ፤ ዋጮቹን ሕዋሳት የዋጡትን ጀርም እንዲገድሉ ያነሳሷቸዋል፣ ጀርሙንም ዙሪያውን ከበው እንደ እሾህ አጥር ያጥሩበታል። ሁልጊዜ አይጨርሱትም። አጥሩ እስከጸና ድረስ ግን ሰውየው ይኖራል። ጠላታቸውንም አይረሱም፤ ክንዴ ላይ የተወጋውን ሲያገኙ ግር ብለው መጥተው ያሳበጡት ለዚህ ነው። እህቴ በሽታው በርትቶባት፣ ሥጋዋ አልቆ፣ ክንዷ ድረስ የሚመጣላት ሕዋስ አልነበራትም። እኛ ዝምታውን ጤና አልነው።

አክታዋ ተመረመረ፤ ጀርሙ ተገኘ። መርፌና ክኒን ተጀመረላት። ሐኪሙ የሚተላለፈው በትንፋሽ እንጂ በኩባያ እንዳልሆነ፣ መስኮትም መከፈት እንዳለበት ነገረን። እቤት እንደገባሁ ጨርቁን ከየስንጥቁ መንቀል ጀመርኩ።

"ልጄን በብርድ ልትገያት ነው!" ብላ እናቴ ጮኸች።

"እማዬ፣ እስካሁን ሲጎዳን የነበረው ይሄ የታፈነ ሙቀት ነው" አልኳትና መስኮቱን በረገድኩት።

ከሰዓት በኋላ እናቴን ቀዩን ክር ከኔ ኩባያ ላይ ስትፈታ አገኘኋት። የእህቴ ኩባያ ላይ ልታስረው ነው። እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማድ ቤት ስተኛ እኔም እንዲያ ነበር ፊቴን ያዞርኩት። አልቻልኩም። በረንዳ ወጥቼ የአባቴን ቀይ ክር ከነጥቅሉ አነሳሁና ቤት ያለ ኩባያ ላይ ሁሉ አሰርኩ፤ በእናቴ፣ በእንግዳ ማቅረቢያው፣ በአባቴም ላይ።

አባቴ ከሥራው ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ገባ። ክሩን አየው።

"ይሄ የማነው?"

"የርስዎ ነው፣ አባባ። ሁላችንም ያንኑ አየር ነው የተነፈስነው። የአንዱን ከፈቱ የሁላችንንም ይፍቱ።"

 ካኪውን ሊወስድ የመጣ የቀበሌ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር፤ በተከፈተው መስኮት ሁሉንም ሰምቷል። እህቴ ከጓዳ ስትስል ተሰማ። ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

አባቴ ወደ እሱ ዞረ። "ልጄ ናት። ነቀርሳ ይዟት እየታከመች ነው። ከፈለጉ ልብስዎን ይውሰዱ" አለና ውሃውን በዚያው ኩባያ፣ ክሩን ሳይፈታ ጠጣው።

ሰውየው ካኪውን ይዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ ቤት አላሰፋም። ሌሎችም ቀሩ። ይቅሩ! እህቴ ዳነች።