ሐያት እንቁላል ትበላለች?

ከቦሌ የወጣን ማታ ሚስቴ ሰዓዳ የልጃችንን የሐያትን ሹራብ እየቆለፈች ያላዘዘችኝ ነገር የለም። ደረቷን ብርድ እንዳይመታት፣ ፀጉሯን እርጥብ እንዳላስተኛት፣ ሳሉ ሲነሳባት እንዳልደነግጥ። የእሷ ቪዛ ገና ስለነበር እኔና ልጄ ቀድመን ወደ ኦስሎ መሄዳችን ነው። እኔ ላምበረት ሱቅ ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ልጅ የማውቀው ማታ ስገባ መሳም ብቻ ነበር።

የኦስሎ ብርድስ ብርድ አይባልም። የላምበረት ሐምሌ እዚህ ቢመጣ በካኒቴራ እወጣለሁ። የሐያት አስም ብሶባት ክሊኒክ ስወስዳት ነርሷ፣ ክረምቱ ሳይጠና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ያስፈልጋታል አለችኝ።

"ልጅዎ እንቁላል ትበላለች?"

"ክትባትና እንቁላልን ምን አገናኛቸው?"

"ክትባቱ የሚሠራው በእንቁላል ነው። እንቁላል የማይስማማት ከሆነ ሊጎዳት ይችላል። አብጣ ታውቃለች?"

አላውቅማ! ትዝ ያለኝ፣ አንድ ቀን ከሱቅ ስመለስ ከንፈሯ አብጦ ሰዓዳ "ምች ነው" እያለች ዳማከሴ ስታሽላት ነው።

"አንዴ ከንፈሯ አብጦ ነበር፤ ግን ከፀሐይ ነው።"

"ከፀሐይ?"

"እናንተ ፀሐይ ስለሌላችሁ አታውቁትም።"

አልሳቀችም። መርፌውን መልሳ አስቀመጠችና "እናቷን ጠይቀው ይምጡ" አለችኝ።

ፈራሁ። ሳትከተብ ጉንፋን ቢይዛት ትንፋሿ ሊያጥር ነው፤ ተከትባ ብታብጥስ? ሰዓዳን በምን ዓይኔ አያታለሁ? አገር ቤት፣ ጎረቤታችን ጋ ደውዬ አስጠራኋት።

"ሐያት እንቁላል ትበላለች?"

"በየጠዋቱ የምጠብስላት ምን መስሎህ ነው? አንተ ምንድን ነው የምታበላት?"

"ዳቦ በማርማላታ።"

"አይ አባት!"

"ያኔ ከንፈሯ ያበጠውስ?"

ሳቀች። "እሱማ ንብ ነድፏት ነው። የጎረቤት ቀፎ ነካክታ። አንተን አውቅህ የለ፤ ከሰውየው ጋር እንዳትጣላ ብዬ ነው ምች ያልኩህ። እንቁላል አንድም ቀን አሟት አያውቅም።"

እፎይ አልኩ! ከደስታዬ የተነሳ መዋሸቷ እንኳ አላናደደኝም።

በማግስቱ ተከተበች። ነርሷ ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቁጭ በሉ አለችን። ከንፈሯ ላይ ሳፈጥ ሐያት "አባዬ፣ ምን ሆነሃል?" አለችኝ። ክንዷ ላይ ትንሽ ቀላ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነችም። እዚያው ወንበሩ ላይ አቅፌ ሳምኳት።

ቤት እንደገባን ለሰዓዳ ደወልኩ።

"ደህና ናት። ምንም አልሆነችም።"

"አልሐምዱሊላህ! አለቀሰች?"

"ኧረ አላለቀሰችም።"

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ?" አልኩ።

"እኔ ይዣት ቢሆን ኖሮ ታለቅስ ነበር" አለች።