እናቴ የበሬውን ዓይን ስትጠርግ

እናቴን ብዙነሽን ደፋር ሴት ይሏት ነበር። ጅብ በእንጨት አባርራለች። አባቴ ከዘመቻ ሳይመለስ ሲቀርም ከእንጦጦ ግርጌ ያለችንን የገብስ መሬት ለማንም አልለቀቀችም። እኔ ግን ስትፈራ አይቻታለሁ።

በ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ነው። ዳለቻ የሚባል አንድ በሬ ነበረን። ጎረቤታችን ሂርጳም ጉራቻ የሚባል አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱን አቀናጅቶ መጀመሪያ የእኛን፣ ከዚያ የራሱን መሬት ያርሳል። ያን ሰሞን ከተራራው ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል፣ ከብት እየረገፈ ነው የሚል ወሬ መጣ። በሽታው በእንባ ይጀምራል አሉ። ጥንብ አንሳ ከጥዶቹ በላይ ይዞራል፤ ንፋሱ ወደ እኛ ሲመለስ ሽታው ቤት ድረስ ይገባል።

አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ እናቴ ዳለቻ ፊት ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑንና አፍንጫውን ትጠርጋለች። ጠርጋ ሳትጨርስ እንባው እንደገና ይወርዳል።

«አመመው እንዴ፣ እማዬ?»

«አላየሽም! ሂርጳ ካወቀ ጉራቻን ይዞ ይሄዳል። የቀረን የሁለት ቀን እርሻ ነው። ሳይታረስ ክረምት ከገባ አንቺንና ወንድምሽን ምን ላበላችሁ ነው?»

ሂርጳ ቀንበሩን ተሸክሞ መጣ። ዳለቻን ትክ ብሎ አየው።

«ይሄ በሬሽ ደግሞ ምን ሆኖ ነው፣ እቴ? እንደሚዳር ልጃገረድ ያለቅሳል!»

«ጭስ ነው። ማታ እሳቱ አጠገብ አስሬው።»

«እኔን ብርድ ላይ ታቆሚኛለሽ፣ በሬ እሳት ታሞቂያለሽ!» ብሎ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። የረጠበውን የነጠላዋን ጫፍ ግን ወደ ውስጥ አጠፈች። ሂርጳ ሁለቱን በሬዎች አንገት ለአንገት ጠመዳቸው።

በማግስቱም ጠረገች። የእኛ መሬት ታርሶ አለቀ። ሂርጳ ወደ ራሱ መሬት በዞረ በሦስተኛው ቀን ጉራቻ ትልሙ ውስጥ ተንበረከከ፤ አልተነሳም። ዳለቻ ተከተለው።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይመጣል፤ የተበደለው ይቅር እስኪለው ድረስ ቀና አይልም። ዳለቻ በሞተ ማግስት በሩን ስከፍት ሂርጳ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ቆሟል።

«እቴ ብዙነሽ፣ ይቅር በይኝ። በሚያዝያ ጉራቻን ጨው ላስልስ ሱሉልታ አፋፍ ድረስ ወስጄው ነበር። ዳለቻን ከጉራቻ እንዳትለዪብኝ ፈርቼ ደበቅኩሽ። በሽታውን ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ።»

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ እኔን አየችኝ። አሁን ትነግረዋለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብዬሃለሁ» አለችና ድንጋዩን አወረደችለት። ጉልበቷን ስሞ ሄደ።

ሂርጳ ያን ዓመት መሬቱን በመቆፈሪያ ጫረ። ያገኘው እፍኝ አይሞላም። እናቴ የራሷን ምሳ እየተወች ከገብሳችን ትልክለት ነበር። አልበቃም። ትንሹን ልጁን ኢቲቻን ኅዳር ላይ ቀበረ።

ሂርጳ ግን በሄደበት ሁሉ እናቴን ያመሰግናል። «በሬዋን ገድዬባት ልጆቼን የምታበላ ሴት!» እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል። ይህን በሰማች ቁጥር ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አንድ ቀን ተከተልኳት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

«እማዬ፣ ለምን አትነግሪውም?»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልጁን ሳይቀብር ቢሆን ኖሮ እነግረው ነበር» አለች።