ንፋስ የጠማት ፒክአፕ

ጥሩሰው ሎዴቦ መኪና የሚያክመው በአፍንጫው ነበር። ሌላው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ፣ ሞተር አስነስቶ፣ ጆሮውን አቁሞ የሚደርስበትን ጉዳት እሱ መኪናዋ ገና የጋራዡን በር ሳታልፍ ከጠረኗ ያውቀዋል። ፍሬን ሲነድ፣ ፍሪሲዮን ሲያልቅ፣ ዘይት የጋለ ማርሚታ ላይ ሲንጠባጠብ ሁሉም የየራሱ ሽታ አለው። የሆሳዕና ሾፌሮች «ጥሩሰው ጉንፋን የያዘው ቀን ጋራዡን መዝጋት ነው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ውሸት አላሉማ።

የሌሞ ልጅ ነው። እጁን ያፍታታው መንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ የግሬደር ዘይት ሲቀይር ሲሆን፣ ከዚያ ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረውም። በ1979 ዓ.ም. አርባ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቀጠን ያለ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ቁጠባው የተፈጥሮ ብቻ አልነበረም። የሚጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ከታሸገ ዓመታት አልፈዋል፤ እሱና ሚስቱ ጣቢታም «ጴንጤዎቹ» ተብለው በዓይነ ቁራኛ ይታዩ ነበር። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከመናገሩ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል። ጥሩሰው ሦስት ጊዜ አስቦ ዝም ይላል።

ከዝምታው ያወጣችው አንዲት ነጭ ፒክአፕ ናት።

በድርቁ ጊዜ የመጡ የእርዳታ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ለጤና ጣቢያው የተዉአት ትልቅ መኪና ነበረች፤ ካምቢዮዋም አውቶማቲክ። ሆሳዕና ፍሪሲዮን የሌላት መኪና አይታ አታውቅም። ሾፌሩ አሳምነው የመጀመሪያ ቀን ሲነዳት ግራ እግሩ የሚረግጠው አጥቶ ወለሉን ሲደበድብ ዋለ። «ይቺማ የሰነፍ መኪና ናት!» አለ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ማንም በጭቃ ጫማ እንዲገባባት አይፈቅድም ነበር።

ሥራዋ እስከ ሺንሺቾ እየሄደች ክትባት ማድረስ፣ ስትመለስ ደግሞ የጠናበትን በሽተኛ ጭና ሆሳዕና ሆስፒታል ማስገባት ነው። መሄዱንስ ትሄዳለች። ስትመለስ ግን ከሺንሺቾ ወደ ዶዮገና የሚያወጣው ዳገት ላይ ጭነቱ ይከብዳታል፣ ካምቢዮዋ ውስጥ ያለው ቀይ ዘይት ይፈላል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይዞርም። አሳምነው ወርዶ ውሃ ይደፋባታል፣ ይለምናታል፣ ይሰድባታል። እሷ ሲበርድላት እንጂ ሲለምኗት አትነሣም።

በክረምቱ መግቢያ እዚያው ዳገት ላይ ቆማ ጥሩሰው ተጠራ። ጭና የነበረው ምጥ የጠናባትን ሴት ነው። የአካባቢው ወንዶች ጊዜ አላጠፉም፤ ቃሬዛ ሠርተው ሴትዮዋን ተሸክመው ሄዱ። ጥሩሰው ከመኪናዋ ሥር በጀርባው ተኝቶ ስለነበር ያየው እግራቸውን ብቻ ነው፤ ጭቃውን እየረገጠ የሚርቅ ብዙ እግር። እናቲቱ ተረፈች። ልጇ ግን አልተረፈም። ያን ቀን የተቃጠለው ዘይት ሽታ ከአፍንጫው ሳይወጣ ሰነበተ።

ወዲያው ወሬ መጣ፤ መኪናዋ «ለዚህ አገር አትሆንም» ተብላ ወደ አዲስ አበባ ልትወሰድ ነው፤ በምትኳ የሚመጣ ነገር የለም። ጥሩሰው ይህን ሲሰማ እጁን ታጥቦ ወደ አውራጃው ጤና ቢሮ ሄደ።

የቢሮው ኃላፊ ጓድ ሰይፈሥላሴ ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ፈገግታው እንደ ስኳር በኮታ የሚታደል ሰው ነበር።

«ጓድ፣ መኪናዋ ትድናለች» አለ ጥሩሰው ቆሞ።

«በምን?»

«በሽታዋ ሙቀት ነው። የካምቢዮዋ ዘይት የሚቀዘቅዝበት ትንሽ ራዲያተር ልጨምርላት።»

«ፋብሪካው ያላደረገላትን አንተ?»

«ፋብሪካው የዶዮገናን ዳገት አላየውም፣ ጓድ።»

ሰይፈሥላሴ ከወረቀቱ ቀና ብሎ አየው። «ስማ። ከነካሃት የምትነካው የመንግሥት ንብረት ነው። ብትበላሽ ስሙ ስህተት አይባልም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። አንተ ደግሞ ማን እንደሆንህ ይታወቃል። ትፈርማለህ?»

ጥሩሰው ፈረመ። 

ዕቃው ሆሳዕና አይገኝም። ጣቢታ የሰፈር ሴቶች በየሳምንቱ ቅቤ እያዋጡ በየተራ የሚወስዱት ዕቁብ ነበራት፤ ተራዋ የደረሰው በዚያው ሰሞን ነው። ለመስቀል ያሰበችውን ቅቤ በቅል እንዳለ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠች። «ሽጠው» አለችው። «መስቀልን ያለ ቅቤ ከርመን እናውቃለን። ያቺን ሴት ግን እኔም በሕልሜ እያየኋት ነው።» ጥሩሰው ቅቤውን ሸጠ። የይለፍ ወረቀቱን አስፈርሞ አዲስ አበባ ሄደ። ሶማሌ ተራ የመኪና አካል ክምር ውስጥ ሁለት ቀን ሲቆፍር ውሎ፣ ለየትኛው መኪና እንደተሠራ ሻጩም የማያውቀው፣ መጽሐፍ የሚያክል፣ ባለ ብዙ ክንፍ የዘይት ማቀዝቀዣ አገኘ። ነፋበት፤ አየሩ በወዲያኛው አፉ ወጣ። በነጠላ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሲመለስ እስከ ሆሳዕና ድረስ ከጉልበቱ አላወረደውም።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ከፍቶ አያውቅም። ስለዚህ አልከፈተም፤ ጠየቃት እንጂ። ከካምቢዮው ወጥተው ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱ ሁለት ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። ሞተሩን አስነስቶ ሁለቱንም በየእጁ ያዘ። አንዱ ቶሎ ጋለ፤ ሌላው ዘግይቶ ሞቀ። «አሃ» አለ፤ «በዚህ ትኩሱን ትልኪያለሽ፣ በዚህ ለብ ያለውን ትቀበያለሽ።» የሚመለሰውን ቧንቧ ቆርጦ ዘይቱ ወደ ካምቢዮው ከመግባቱ በፊት በአዲሱ ማቀዝቀዣ እንዲያልፍ አደረገ። የጎማ ውስጠኛውን ከመነዳሪ ቆርጦ ቢጠቀም ዘይቱ እንደሚያላሽቀው ስላወቀ፣ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ ዘይት የለመደ ቱቦ ፈትቶ አመጣ፤ ፋሼታ በሚባለው የብረት ማሰሪያም ግራና ቀኝ አጠበቀው። ማቀዝቀዣውን ከራዲያተሩ ፊት፣ ንፋስ ቀድሞ በሚያገኘው ቦታ በቀጭን ብረት አቆመው። የእርዳታ ሰዎቹ ትተውት ከሄዱት በርሜል ቀይ ዘይት ጨመረ። አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም። አሳምነው ዙሪያዋን ዞሮ አይቶ «ጋሼ ጥሩሰው፣ ሁለት ሳንባ አደረግህላት እኮ!» አለ።

የሙከራው ቀን ከክትባት ዘመቻው ጋር ገጠመ። ጠዋት ጥሩሰው ጤና ጣቢያው ሲደርስ መኪናዋ ተሽሞንሙና ጠበቀችው። የቀበሌው ካድሬ መኪናዋን ለዘመቻው ሊያሳምራት ብሎ፣ ከአንዱ መብራት እስከ ሌላው፣ ፊቷን ሙሉ የሚሸፍን ቀይ ጨርቅ ከፊት መከላከያዋ፣ ከፓራውልቱ ጋር አስሮባታል። «ጤናማ አምራች ኃይል ለሶሻሊስት ግንባታ!» ይላል። ከጨርቁ ጀርባ ያ በቅቤ የተገዛ ማቀዝቀዣ አለ። ንፋስ የሚባል አያገኝም።

መናገር ነበረበት። አፉን ከፈተ፤ ካድሬውን አየው፤ ዘጋው። መፈክር ይነሣ ያለ ጴንጤ የት እንደሚገባ ያውቃል። «ምናልባት ያን ያህል አይሞቅም» አለ ለራሱ። ፍርሃት ሰውን መካኒክነቱን ያስረሳዋል።

ዘመቻውን የሚመራው ሰይፈሥላሴ፣ ነርሷ፣ ካድሬውና ጥሩሰው ተሳፈሩ፤ ሲሄዱ ደህና ነበረች። ሺንሺቾ ሲደርሱ ግን ሰው ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ዓለሚቱ የምትባል የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ወጣት ምጥ ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው። ነርሷ ሲስተር እህተማርያም ገብታ አየቻትና ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «አሁኑኑ ሆስፒታል ካልገባች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» አለች። ፍራሽ ከኋላ ተነጠፈ። ዓለሚቱ፣ አማቷ፣ ባሏ፣ ሲስተር፣ ካድሬውና ጥሩሰው ከኋላ ሆኑ፤ ሰይፈሥላሴ ጋቢና ከአሳምነው ጎን ተቀመጠ።

ዳገቱን እኩሌታ እንደወጡ ሽታው መጣ። መጀመሪያ ሽው ብሎ፣ ቀጥሎ ጠንከር ብሎ። ሌላ ማንም አልሸተተውም። ጥሩሰው ዓለሚቱን አየ፤ ከንፈሯ ደርቆ የአማቷን እጅ ነክሳለች። በዓይኑ ላይ የመጡት ግን እነዚያ ጭቃ የሚረግጡ እግሮች ነበሩ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ ጥሩሰው ሳይደርስበት ቀድሞ ሊደርስበት ወሰነ። የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ደበደበው።

«አቁም! አሳምነው፣ አቁም! ሞተሩን ግን እንዳታጠፋ!»

መኪናዋ ቆመች። ሰይፈሥላሴ ወረደ። «ምንድን ነው?»

«መፈክሩ ነው፣ ጓድ» አለ ጥሩሰው ዘሎ ወርዶ።

ካድሬው ተከትሎት ወረደ። «መፈክሩ ምን ሆነ?» አለ ዓይኑን አጥብቦ።

 ጥሩሰው ዕድሜውን ሙሉ የቆጠበው ቃል ሁሉ ተሰብስቦ የመጣለት መሰለ።

«ቆሽሿል። ይዩት እንጂ፣ ጓድ። ከጎማ ጎን ታስሮ ጭቃ ሲጠጣ ዋለ፤ ‹ሶሻሊስት› የሚለው ከነጭራሹ አይነበብም። ዶዮገና ዛሬ ገበያ ነው፤ ያ ሁሉ ገበሬ አይቶ ምን ይላል? እንዲህ ያለ ቃል ከታች ነው እንዴ የሚታሰረው? ከጣሪያው በላይ ከፍ ብሎ መውለብለብ ነበረበት እኮ!»

 የሚሰማው የሞተሩ ድምፅና የዓለሚቱ ማቃሰት ብቻ ነበር። ሰይፈሥላሴ ጨርቁን አየ። ከጨርቁ ጠርዝ የሚወጣውን ትኩስ አየር አየ። ጥሩሰውን ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ ካድሬው ዞሮ ጮኸ።

«ማነው የአብዮቱን ቃል ከፓራውልት ጋር ያሰረው?»

ካድሬው ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እኔ... ጓድ... ለማስዋብ...»

«ፍታው! አሁን! ከላይ እሰረው!»

እንዲያ እየተጣደፈ ገመድ የሚፈታ ሰው ጥሩሰው አይቶ አያውቅም። ካድሬው ጥርሱን ጭምር ተጠቀመ። ጨርቁ ተነሥቶ ከጋቢናው በላይ ባለው ብረት ላይ ሲታሰር የዳገቱ ንፋስ ማቀዝቀዣው ላይ ሽው አለ። «ማርሹን ፍሪ አድርግና ነዳጅ ስጣት፤ ዘይቱ ይዙር» አለው ጥሩሰው ለአሳምነው። እጁን ማቀዝቀዣው ላይ አደረገና ቶሎ አነሣው፤ ይፋጃል። ጠበቀ። ደግሞ ነካው። በሦስተኛው እጁን ቢያሳርፍበትም አላቃጠለውም።

«ንዳ!» አለ።

አሳምነው ነዳ። ፒክአፗ አጉረመረመች፣ ጎማዋ ድንጋዩን ነከሰ፣ መውጣት ጀመረች። ጥሩሰው ከኋላ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ ሰጠ። ሽታው ቀነሰ። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ፤ ሁለተኛውን፤ ያ ቃሬዛ የተሠራበትን ቦታም አለፉ። አሁን የሚሸተው እርጥብ አፈርና ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። አናቱ ላይ ሲወጡ አሳምነው ጥሩንባውን ለቀቀው፤ የዶዮገና ገበያተኛ እጁን እያውለበለበ ጮኸ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ለመፈክሩ ይሁን ለመኪናዋ ማንም አልጠየቀም። የጥሩሰው አንጀት ቅቤ ጠጣ። ዕንባውን በክርኑ ጠረገ፤ እጁማ ዘይት ነበር።

ሆስፒታል በገቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ዓለሚቱ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሲስተር እህተማርያም በር ላይ ብቅ ብላ «ሁለቱም ደህና ናቸው! አትሰማውም እንዴ ሲጮህ?» አለችው። ይሰማዋል። እንዲያ የሚጮህ ሞተር አስተካክሎ አያውቅም።

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራ። ሰይፈሥላሴ ሪፖርቱን ቆሞ አነበበ፤ መፈክሩ ከፍ ብሎ መውለብለብ በጀመረበት ቅጽበት መኪናዋ ለዘመናት ያቃታትን ዳገት መውጣቷን፣ ስለዚህም በሆሳዕና እንድትቀር መወሰኑን፣ ከእንግዲህ የቢሮው መኪናዎች መፈክር የሚይዙት በጣሪያቸው ላይ ብቻ መሆኑን። ተጨበጨበ። ካድሬው ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ። የጥሩሰው ስም አልተነሣም። እሱም አጨበጨበ፤ መኪናዋ ቀርታለች፣ ሌላው ሆድ ይፍጀው ብሎ።

ሰው ሲበተን ሰይፈሥላሴ ወደ ቢሮው ጠራውና በሩን ዘጋ። 

«ሞኝ መሰልኩህ?» አለው።

«ኧረ ጓድ...»

«ንፋስ ነበር የጠማት። አይቻለሁ። ንፋስ ብዬ ብጽፍ ግን መፈክር ንፋስ ከለከለ ማለት ይሆናል፤ አንተም እኔም አንተርፍም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። እጄ ወናፍ ላይ ነው ያደገው። ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ ለሰው ተናግሬው አላውቅም። የቀጥቃጭ ልጅ መባል ምን እንደሆነ በአንተም አገር ታውቀዋለህ።»

ጥሩሰው ያውቀዋል። በሌሞም የቀጥቃጭ ማዕድ ለብቻው ነው።  በሁለት እጁ ያለውን ዘይት ሱሪው ላይ ሊጠርግ ሲል ሰይፈሥላሴ ቀደመው፤ ያን ጥቁር እጅ እንዳለ በንጹሕ እጁ ያዘው፣ አጥብቆም ጨበጠው።

«የብረት ሠሪ እጅ ነው» አለ። «ናፍቆኝ ነበር።»

ጥሩሰው ከዚያ ቢሮ ሲወጣ በረንዳው ላይ ካድሬው ቆሞ ነበር። ጥሩሰው አንገቱን ሳይደፋ ሰላምታ ሰጥቶት አለፈ።