ሐይቁን ከውቅያኖስ ያገናኘሁ ዕለት

ይህን ነገር ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ ይሆናል። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ከአሁኑ እወቁልኝ።

በ2003 ዓ.ም. ጂንካ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። እንዴት ያለሁ ትዕቢተኛ ጎረምሳ መሰላችሁ! በተከራየሁበት ግቢ ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ነበረች፤ ከወላይታ የመጣች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት። ከኦሞራቴ በጭነት መኪና የሚመጣላትን የቱርካና ሐይቅ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ወባ ሲጥለኝ የዓሣ ሾርባ እየጋተች ያስነሳችኝ እሷ ናት። ሁዳዴ ሲገባ ገበያዋ ይደራል፤ ሥጋ ያቆመው ሁሉ ወደ እሷ ነው። የዓመት ኑሮዋን የምትይዘው ያኔ ነው።

በዚያው ሁዳዴ የጃፓኑ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰ። መርዙ ወደ ውቅያኖስ መፍሰሱን በሬዲዮ ሰማሁ። ጠዋት ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የሳይንስ ዝግጅት የማቀርበው እኔ ነበርኩ። ማይኩን ጨበጥኩና መርዙ ከውሃው ወደ ደቃቅ ፍጥረታት፣ ከእነሱ ወደ ትንሽ ዓሣ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁ ወደ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ አስረዳሁ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ሰልፉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጠኝ ግን ልቤ አበጠ። «የዓለም ውሃ ሁሉ የተገናኘ ነው፤ የእኛም ዓሣ ስጋት አለበት» አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ምን ለካሁ? ምን መረመርኩ? ምንም።

ተማሪ ደግሞ የሰማውን ቤቱ ያደርሳል። በሳምንቱ የእትዬ አስቴርን ዓሣ የሚቀምስ ጠፋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬን አንኳኳች። «መምህሬ፣ አትቆጣኝ» አለች፤ «ኦሞ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም ይላሉ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት ዳሰነቾች። ታዲያ የጃፓኑ መርዝ በየት ገብቶ ነው?»

እውነቷን ነበር። ሐይቁ መውጫ እንደሌለው እኔም አሳምሬ አውቅ ነበር። በማግስቱ በዚያው ማይክ «ተሳስቻለሁ» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን «ነገሩ ውስብስብ ነው፤ ሳይንስ ስለሆነ አይገባሽም» አልኳት። እኔ! ያስታመመችኝን ሴት! «ውይ ይቅርታ፣ አልተማርኩም እኮ» ብላ ተመለሰች። የቀረውን ዓሣ ጓሮ ቆፍራ ስትቀብር በመስኮት አየኋት፤ ለልጆቿ እንኳ አላስቀረችም። ፋሲካ ሳይደርስ ዕቃዋን ጭና ቀይ አፈር ወደምትባለው ከተማ ሄደች።

ባለፈው ወር እዚያው ገበያ አገኘኋት። ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣለች፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ብድግ ብላ አቀፈችኝ። «መምህሬ! ልጆቼ ደህና ናቸው። ያኔ ባትነግረን ምን ይውጠን ነበር? ስምህን በጸሎት ሳላነሳ አድሬ አላውቅም።» እኔስ ምን አልኩ? «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ሽንኩርት ሰጥታ መረቀችኝ፤ ተቀበልኩ።

ወጣት ነበርኩ እንዳልል፣ ባለፈው ወር ወጣት አልነበርኩም። ይቅርታው የእሷ ነው እንጂ የእናንተ አይደለም፤ ለእናንተ የነገርኳችሁ አፌን ላለማምድ ብዬ ነው። ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው፤ እሄዳለሁ። «ዋሽቼሻለሁ» እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ በጸሎቷ ታንሳኝ አታንሳኝ እሷ ታውቃለች።